እናቴ እየዳሰሰች የምትሄድበት ቧንቧ ኮረንቲ ስለመያዙ

ለመንግሥት ቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቀን፦ ሚያዝያ 9
ጉዳዩ፦ በግቢያችን የግራውንድ ዘንግ ለመቅበር ፈቃድ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች የጽሕፈት ቤቱ ተከራይ ስሆን ሙያዬ አናጺነት ነው። ከእናቴ ጋር የምንኖረው በግቢው መጨረሻ ባለው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። በአንደኛው ክፍል እንተኛለን፤ በሌላው የኤሌክትሪክ መጋዝ ተክዬ እሠራለሁ። የኪራይ ውሉ "ለመኖሪያ ብቻ" እንደሚል አውቃለሁ። ይህን ስጽፍ በገዛ እጄ በራሴ ላይ እየመሰከርኩ መሆኔም አልጠፋኝም። መሄጃ ስላጣሁ ነው።

2. እናቴ ዓይነ ስውር ናት። ከአልጋዋ ተነስታ ግቢው ውስጥ እስካለው መጸዳጃ ቤት የምትደርሰው በግድግዳው ላይ የተዘረጋውን የውሃ ቧንቧ እየዳሰሰች ነው። እጄን ብሰጣት "ሕፃን አደረግኸኝ እንዴ?" ትለኛለች።

3. በግቢያችን ግራውንድ ማለት ይኸው ቧንቧ ነው። ከዕቃ ያፈተለከ ኮረንቲ ሰው ከሚነዝር በቧንቧው በኩል መሬት ይግባ ተብሎ፣ የእኔም መጋዝ፣ የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋም ካውያ፣ የሌሎችም ተከራዮች ማቀዝቀዣ በሽቦ ከቧንቧው ጋር ታስሯል። ያሰረልን "ፊውዝ" የምንለው ጡረተኛ ኤሌክትሪሻን ነው፤ ቧንቧው እስከ መሬት ድረስ ብረት በነበረበት ጊዜ ይሠራም ነበር። ባለፈው ክረምት ግን ከመሬት በታች ያለው ዝጎ ውሃ ማፍሰስ ስለጀመረ፣ በጽሕፈት ቤቱ ትእዛዝ በፕላስቲክ ተቀየረ። ግድግዳው ላይ ያለው ብረት እንደነበረ ቀረ። ሽቦውን ፍቱ ያለን የለም፤ እኛም ትዝ አላለንም። ከዚያ ወዲህ ኮረንቲው መሬት መግባቱ ቀርቶ እዚያው ቧንቧው ላይ ሰው ይጠብቃል።

4. ይህን ያወቅነው መጋዜ ኮረንቲ ማፈትለክ ጀምሮ እናቴን ሲይዛት ነው። እንጨት እየሰነጠቅሁ ስለነበር ጩኸቷን አልሰማሁም። ሮጣ መጥታ መጋዙን ያጠፋችው ልብስ ሰፊዋ ናት። እናቴ ቧንቧው የሚታጠፍበት ጋ ወድቃ ነበር፤ መዳፏ ተቃጥሏል።

5. የዚያኑ ዕለት የመጋዙን ሽቦ ከቧንቧው ፈታሁ፤ አሁን መጋዙ እኔን ይነዝረኛል። የሌሎቹ ሽቦ ግን እንደታሰረ ነው። ልብስ ሰፊዋን ብለምናት "ታዲያ እኔ በካውያዬ ልነዘርልህ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ለእናቴ መያዣ የሚሆን እንጨት ግድግዳው ላይ ብመታ፣ የጽሕፈት ቤቱ ተቆጣጣሪ "ያለ ፈቃድ ግንባታ ነው" ብለው አስነቀሉኝ። መብራት ቢሮ ብሄድ "የእኛ ሥራ እስከ ቆጣሪው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የቤቱ ባለቤት ጉዳይ ነው" ተባልኩ። ባለቤቱ እናንተ ናችሁ። ወደ እናንተ ስመጣ ደግሞ መስኮት ላይ ያገኘኋት ሠራተኛ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ወንድሜ፣ መጋዝ አለኝ ብለህ ከጻፍክማ ቤቱን ያስለቅቁሃል፤ እኔ ምንም አልሰማሁም" አለችኝ። ስለ ደግነቷ አመሰግናታለሁ። ነገር ግን ለዘንጉ የሚደረገውን ቁፋሮ ሊያይ የሚመጣ ባለሙያ መጋዙን ማየቱ አይቀርም።

6. ስለዚህ በጓሮው ግድግዳ ሥር የመዳብ ዘንግ በራሴ ወጪ፣ ፈቃድ ባለው ባለሙያ እንዳስቀብር፤ የግቢው ሽቦ ሁሉ ከቧንቧው ተፈትቶ ወደ ዘንጉ እንዲዛወርና ኮረንቲ ሲያፈተልክ ራሱ የሚያጠፋ ብሬከር እንዲገባ፤ እስከዚያውም የእንጨት መያዣውን መልሼ እንድመታ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ውል በማፍረሴ የሚጣልብኝን ቅጣት እቀበላለሁ። ቤቱን ልቀቅ ከመባል ግን እንዲያድኑኝ እለምናለሁ። እኔ የትም ሄጄ እሠራለሁ፤ እናቴ ግን በእግሯ የምታውቀው ቤት ይህ ብቻ ነው።

ጉዳዩ ቀጠሮ የማይችልበትን ምክንያት ልጨምር። እናቴ ከዚያ ወዲህ ቧንቧውን አትነካም፤ መጋዙን አጥፍቼ ብነግራትም ከአልጋዋ አትወርድም። ሰሞኑን ውሃ ሳቀርብላት "ጠጥቻለሁ፣ ልጄ" ትለኛለች። ስጠርግ ብርጭቆውን እንደሞላ ከአልጋው ሥር አገኘዋለሁ። መጸዳጃ ቤት ላለመሄድ ብላ ነው።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አናጺው፣ የግቢው የመጨረሻ ቤት ተከራይ