የደበቅነው ሕመም

ለውድ ልጄ ለበዛወርቅ

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽስ፣ እንቅልፍሽስ እንዴት ነው? የአዋሳ ሙቀት ተስማማሽ ወይ? እኔና አባትሽ ቆመን እንሄዳለን፤ ደህና ነን ብዬ አልዋሽሽም። ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩት ሦስተኛ ቀኔ ነው። የወንድምሽ የሐዲስ ስም ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጥፌ አስቀምጠዋለሁ።

አንቺ ከሐዘኑ ወደ ትምህርትሽ ከሄድሽ በኋላ፣ አምባው የሚባል የሐዲስ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ከአገሩ ከደካ ድረስ ለቅሶ ሊደርሰን መጣ። እያለቀሰ ሁሉንም ነገረኝ። ለፈተና ሊያጠኑ ጫት ይቅሙ ነበር። ሐዲስ መጀመሪያ እምቢ ቢል፣ «የእማዬ ልጅ፣ ሂድና ቀሚሷ ሥር ግባ» እያሉ ሳቁበት። እሱም ተቀመጠ። ሲበቃቸው የጫቱን ምርቃና ለመስበር ይጠጣሉ። ሦስት ቀን በቅጡ አልተኛም፤ ሽንት ቤት ተደብቆ የሚውጣትን ኪኒንም ተዋት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሲወድቅ ምርቃና መስሏቸው ሳቁ። ኋላ ክብሪት ጭረው አሸተቱት፤ በጀርባው እንደተንጋለለ ማንኪያ አፉ ውስጥ ከተቱ፤ እዚያው አረፈ። «እማማ፣ አንድ ቀን ሕመሙን ቢነግረን ኖሮ ጫቱን ከእጁ እንነጥቀው ነበር» አለኝ አምባው።

ማን አትንገር እንዳለው ታውቂያለሽ። ሰው እንዳይሸሸው፣ አንቺም ባል እንዳታጪ ብዬ፣ የሁለታችሁንም ኪኒን በርበሬ ውስጥ ደብቄ የምልክ እኔ ነኝ።

የጤና ጣቢያውን ነርስ ወርቅአፈራሁን ጠየቅሁት። ጫት እንቅልፍ ይነሳል፣ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ሕመሙን ይቀሰቅሳል፤ መጠጡም ያባብሳል፤ ኪኒኑ ሲቋረጥ የባሰ ነው አለኝ። ያን ዕለት ነው «እኔም ለፈተና ትንሽ እቀምሳለሁ» የሚለው ደብዳቤሽ የደረሰኝ። አልቆጣሽም ልጄ፣ እለምንሻለሁ፤ አትቃሚ፤ ፈተናው ቢቀር ይቅር፣ ተኚ፤ ኪኒኑንም በሰው ፊት ዋጪው።

አባትሽ ሰላም ይልሻል። ትንሹ ወንድምሽ ማሙሽም «ናፍቃኛለች» ይላል። አክስትሽ አሰለፈች ትስምሻለች።

አብራሽ ለምታድረው ለሠናይትም ሰላምታዬ ይድረሳት። ከዚህ በታች ያለውን ለእሷ አንብቢላት።

ልጄ ሠናይት፣ በዛወርቅ የሚጥል በሽታ አለባት። ከወደቀች በጎኗ አስተኚያት። ክብሪት አትጫሪ፤ አፏ ውስጥም ምንም አትክተቺ። ቶሎ ካልተዋት ሐኪም ቤት አድርሺያት። ይህን መስማትሽን አንቺው በእጅሽ ጻፊልኝ። እሷ አነበብኩላት ብትለኝ አላምናትም፤ መደበቅን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

እናትሽ አፀደ
ቦንጋ፣ መጋቢት 12 ቀን 1998 ዓ.ም.