ሳይጠሩት አቤት

እሑድ፣ ጥቅምት 9፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ከቅዳሴ ተመልሼ ነጠላዬን እንኳ አላጠፍኩም። ተናድጃለሁ። ማስታወሻዬ፣ ዛሬ ቻይኝ።

ጎረቤቴ ሜሪ ቤ/ክ አብራኝ መሄድ ከጀመረች ሁለት ወር ሆናት። የዚሁ አገር ሰው ናት፤ ጁባ፣ ኮር ዊሊያም ሰፈር አንድ ግቢ ተከራይተን እንኖራለን። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ብቻዬን መጸለይ አቃተኝ ብላ ተከተለችኝ። እኔም ከመዘምራኑ ረድፍ ወጥቼ ከኋላ አጠገቧ እቆማለሁ፤ የሚባለውን በጁባ ዓረብኛ በጆሮዋ እነግራታለሁ። ዛሬ «ማረን፣ ማረን» ሲባል ነጠላዬን ጎተተችኝ። ጠዋቱን ሙሉ እግዚአብሔርን ማር የምትለምኑት ለምንድን ነው? አለችኝ። አማርኛዋ የሱቅ አማርኛ ነው። ሳቄ አመለጠኝ። በቅዳሴ መሀል! መዘምራኑ በሙሉ ዞረው አፈጠጡብኝ።

መሳቄ ጥፋት ነው፣ አልክድም። ግን «ረቡና፣ ሳምሁ አኒና»፣ ጌታ ሆይ ይቅር በለን፣ ማለት ነው ስላት አለቀሰች። ይህንን ያየልኝ የለም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሙኑኪ፣ የምሠራበት ምግብ ቤት። የምሳ ግርግር አሁን ገና በረድ አለ። ስልኬን ባየው ከመዘምራን ቴሌግራም አስወጥተውኛል። አንድ ቃል ሳይነግሩኝ። ሰብሳቢያችን ትዕግሥት ስደውልላት አታነሳም። አምስት ዓመት ጎን ለጎን ዘምረናል፤ ታይፎይድ የጣላት ጊዜ አጥሚት ያጠጣኋት እኔ ነኝ። ከእነሱስ እዚህ የሚሰድቡኝ ሾፌሮች ይሻሉኛል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። አይ፣ ትንሽ ቆይቶ ይበለኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13፣ ማታ 1 ሰዓት

ስብሰባ ጠሩኝ። አንዱ ዓረብኛ በቤ/ክ ምን ይሠራል አለ። ግብጾቹስ በምን ይቀድሳሉ አልኩት። ይህን ሥራ የሰጠኝ እግዚአብሔር ይመስለኛል አልኩ። ትዕግሥት «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ብላ ተረተችብኝ። ሁሉም ሳቁ። ምርጫ ሰጡኝ፦ ወይ ከፊት በዩኒፎርም ከእነሱ ጋር፣ ወይ ዩኒፎርሙን መልሼ ከኋላ ከሜሪ ጋር። እስከ እሑድ።

ንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። ታገሺ ልጄ፣ ሁሉም ጊዜ አለው አሉ። የማን ጊዜ? ሜሪ እንደሆነች ነገም መበለት ናት።

መዝሙር እኮ ልጅነቴ ነው። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ። ያለሱ ማን ነኝ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ዩኒፎርሙን አጥቤ ተኮስኩ። ለምን እንደምተኩሰው ሳላውቅ። ልተወው ይሆን ተርጓሚነቱን? ሌላ ሰው ይምጣ! ለምን እኔ? ይህን እያልኩ ሜሪ ገባች። ሁለት እህቶቿ ነገ ከቡሉክ ሰፈር ይመጣሉ፤ የነገርኳትን ሁሉ ነግራቸዋለች፤ ማታ ማታ አብረው ይጸልዩበታል። በስንት ሰዓት እንውጣ ብላ ጠየቀችኝ። አሥራ አንድ ተኩል አልኳት። ስለ መዘምራኑ አልነገርኳትም።

እሑድ፣ ጥቅምት 16፣ ንጋት 11 ሰዓት

ዩኒፎርሙን በፌስታል አድርጌዋለሁ። በር ላይ ለትዕግሥት እሰጣታለሁ። ይቅርታ አልጠይቅም፣ አልሳደብምም። አሁንም ተናድጃለሁ፤ ንዴቴ እስኪበርድ ብጠብቅ ቅዳሴው ያልቃል። ከኋላ እቆማለሁ። ለአንድ ሰው በጆሮ ሹክ ይባላል፤ ለሦስት ግን ድምፅ ማውጣት ግድ ነው። ከፊት ያሉት መስማታቸው አይቀርም። ይስሙ። ሜሪ በሩን እያንኳኳች ነው።