ዝናብ ሲመጣ ተመለሺ

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15፣ ቦንጋ

የቤት ፕላን የምሠራበት ላፕቶፕ አርጅቶ ስላስቸገረኝ፣ ባለፈው ሳምንት ኮምፒውተር ሻጩ ጋሽ ወልዴ ጋ አንድ የጌም ላፕቶፕ አይቼ ነበር። ልግዛው ስላቸው፣ «ብራ በሆነ ቀን ላፕቶፕ አይሞከርም፤ ዝናብ ሲመጣ ተመለሺ» ብለው መለሱኝ።

ዛሬ ዘነበና ሄድኩ። ትልቁን ፕላን አንዴም ሳይንቀራፈፍ ከፈተው። ስክሪኑም ያምራል። ግን ይከብዳል፤ ፋኑም ሲነሳ ወፍጮ ቤት ያለሁ ነው የመሰለኝ። ብዙም ሳይቆይ፣ በዘነበ ቁጥር እንደሚሆነው፣ መብራት ጠፋ። ጋሽ ወልዴ «አሁን ነው ፈተናው» አሉና የመኪና ውድድር ከፈቱልኝ። ባትሪው እስኪያልቅ በየተራ ነዳን። ሃምሳ ደቂቃ እንኳ አልሞላም፤ አንደኛ ልወጣ ስል ስክሪኑ ድርግም አለ። ሁለታችንም በሳቅ ፍርስ አልን።

ለፕላን ሥራ ባትሪው ትንሽ ይበረክታል ብለውኛል፤ እንጃ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራዬ ሊቆም ነው። ጌም የማይችል፣ ቀለል ያለ ላፕቶፕ ይሻለኝ ነበር።

ግን እዚህ ከተመደብኩ ጀምሮ እንደዛሬ ስቄ አላውቅም። እናቴ ስትደውል ያንኑ የጌም ላፕቶፕ እንደምገዛ ነገርኳት። «ለምንሽ ነው?» አለችኝ።

«ለሥራ» አልኳት።