የኋለኛው ብሎን

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9 ቀን

ለግትሯ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ደረጃ ስትወጣ ያስቸግራታል እንጂ ሌላ ነገር የለም። ጽሕፈቱ የእሷ መሆኑን አይተሽ እንዳትደነግጪ፤ እጄ ቅባት በቅባት ስለሆነ ወረቀቱን እንዳላበላሽ ብዬ ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፣ መሀል ላይ እንጨቃጨቃለን።

ሦስት ዓመት ሙሉ አልጻፍኩልሽም። ለእናትሽ ስትደውዪ «ለአባዬም ሰላም በይልኝ» ትያለሽ፤ እኔም ከሥራ ክፍሌ ሆኜ እሰማለሁ። ዛሬ የምጽፍልሽ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው። ይህን ከመጀመሪያው የተናገርኩት በኋላ ወኔ እንዳይከዳኝ ነው።

ያ የባልጩት ጠመንጃ ተመልሶ መጣ። የሙዚየሙ ኃላፊ ባለፈው ሳምንት በጨርቅ ጠቅልሎ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። እስከ ዛሬ መስታወት ውስጥ ተኝቶ ስለነበር ምላጩን የነካው ሰው አልነበረም። አሁን ያለ ባሩድ ብልጭታውን ብቻ ለተማሪዎች ሊያሳዩ ፈልገው ቢስቡት፣ ባልጩቱን የነከሰው መንጋጋ ወርዶ ፊት ለፊቱ ያለውን ብረት መግጨት ሲገባው እየተጎተተ መንገድ ላይ ቀረ።

«ያው የድሮው በሽታ ነው» አለኝ ኃላፊው።

አዲስ የእንጨት ሰደፍ ሠርተንለት ያስረከብንበትን የድሮውን ቀን አንቺም አትረሺውም። ኃላፊው ከሁለት እንግዶች ጋር ቆሞ ነበር። መንጋጋው ሲቀር ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ ደግሞ ወደ አንቺ ዞርኩ። «እንጨቱን የፈለፈለችው ልጄ ናት፤ እጇ ገና ጥሬ ነው» አልኩ። አንቺ መሮሽን ጠርገሽ አስቀመጥሽ። በሳምንቱ ሄድሽ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ጠመንጃው ሲመለስ ደስ አለኝ። ልክ እንደነበርኩ በመጨረሻ ላረጋግጥ ነው ብዬ። መንጋጋው የተገጠመበትን የመተኮሻ ብረት ከሰደፉ አውጥቼ በእጄ ይዤ ሳብኩት፤ ጧ አለ፣ እንከን የለውም። ወደ ሰደፉ መልሼ በሁለቱ ብሎኖች አሰርኩትና ሳብኩት፤ ተጎተተ። «ይኸው! እንጨቱ ነው የሚይዘው» አልኳት እናትሽን።

እንዳስተማርኩሽ ብረቱን የኩራዝ ጥላሸት ቀብቼ እንጨቱ ውስጥ ካለው ማረፊያው ላይ ተጫንኩትና መልሼ አወጣሁት። እንጨቱ ብረቱን የሚገፋበት ቦታ ካለ እዚያ ላይ ይጠቁራል። እናትሽን መስኮቱ ጋ አቁሜ «የቱ ጋ ጠቆረ?» አልኳት።

«ዙሪያው እኩል ነካ ነካ ብሏል እንጂ የባሰ የጠቆረ ቦታ የለም።»

«ደህና አድርገሽ እዪ!»

«አየሁ እኮ! ካላመንከኝ ለምን ራስህ አታይም?»

ጣቴን አስገብቼ ዳሰስኩት። ልጄ፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ጥጉ የጠራ፣ ሞላው የሚፈናጠርበት ቦታ ሳይቀር በልኩ የተተወለት ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ስሠራ እንደዚያ ያለ ማረፊያ ፈልፍዬ አላውቅም። (እናትሽ እዚህ ላይ ብዕሯን አስቀምጣ አፍንጫዋን ጠረገች። ጻፊ አልኳት።)

ከዚያ ወዲያ ብሎኖቹን ለየብቻ ሞከርኩ። ያለ ብሎን በእጄ ደግፌ ስስበው ጧ አለ። የፊተኛውን ሳጠብቅ አሁንም ጧ። የኋለኛውን ሳጠብቅ ዝም። ግማሽ ዙር ሳላላው ነፍስ ዘራ። ያ ብሎን ከወዲያኛው ጎን ገብቶ፣ እንጨቱን አቋርጦ ብረቱን የሚይዝ ነው፤ ጫፉ ከልክ በላይ ረዝሞ በወዲህ በኩል ብቅ ስላለ መንጋጋውን ይፍቀው ነበር።

ብሎኑን ማን እንደሠራው ታውቂያለሽ። የጥንቱን ዝገት ስለበላው አዲሱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ መለኪያ ሳልይዝ፣ በዓይኔ ገምቼ። አንቺ «አባዬ፣ ትንሽ አልረዘመም?» ብለሽኝ ነበር። «አንቺ እንጨትሽን ያዢ» አልኩሽ። ይህን ረስቼው ነበር ብልሽ እዋሻለሁ። አልረሳሁትም፤ እንዳላስበው ስሸሸው ነው የከረምኩት።

ጫፉን በሞረድ ቀነስኩት። የቀነስኩት የጥፍር ውፍረት ቢያክል ነው። ስስበው እናትሽ «ውይ!» ብላ ወደ ኋላ ዘለለች፤ ብልጭታው ነው። እኔ ግን ደስ አላለኝም። ለጥፍር ውፍረት ብዬ ልጄን አጣሁ ብዬ ቁጭ አልኩ።

ኃላፊው ትናንት ሁለት ሠራተኞች አስከትሎ ሊወስደው መጣ። ሰው መኖሩ ጥሩ ሆነልኝ። «ጥፋቱ የእኔ ብሎን ነበር። እንጨቱ ምንም አልነበረበትም፤ ልጄን ያለ ጥፋቷ ነው ያዋረድኳት» አልኩት።

«አሁን ከሠራ ምን ቸገረን፣ አባባ?»

«እኔን ቸገረኝ።»

ሙዚየሙ ከጠመንጃው ጎን በሚያስቀምጠው ካርድ ላይ «የእንጨት ሥራ» በሚለው ቦታ የተጻፈው የእኔ ስም ነው። ጥፋቱን ለአንቺ ሰጥቼ ስሙን ለራሴ አስቀርቼ ነበር። አሰረዝኩትና ያንቺን አስጻፍኩ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ እስኪያነብልኝ ድረስም አልለቀቅኩትም።

ሌሎች ሁለት ሰደፎች እንድሠራለት ጠየቀኝ። አልችልም አልኩት። ነይና ሥሪያቸው ብዬ አልለምንሽም፤ የራስሽ ኑሮ አለሽ። ግን መሮ መያዝ የተውሽው ያን ቀን የተናገርኩትን አምነሽ ከሆነ፣ ውሸት ነበር። ናፍቀሽኛል። ይቅር በዪኝ።

ጤናው አይለይሽ፤ እጅሽ የነካው ሁሉ ይቅናልሽ። መልስ ከጻፍሽልኝ፣ አንድ መስመርም ብትሆን፣ ፊደሉን በጣም ጎላ ጎላ አድርጊው። እሺም በዪኝ እምቢ፣ እኔው ራሴ ላነበው እፈልጋለሁ።

አባትሽ