ቁልቁለት ላይ የጠፋው ሞተር

ናርዲ፣
መኪናሽ አልተሰረቀችም፤ ዳንግላ ጋራዥ ናት። ጠዋት ሳልነግርሽ ይዣት ወጣሁ። ብነግርሽ እምቢ ትይኝ ነበር፤ ልክም ነበርሽ።

«ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፊ፣ ነዳጅ ይቆጥባል» ትዪ የለ? አጠፋሁ። መሪውም ፍሬኑም ደረቁብኝና ድንች ማሳ ውስጥ ገባሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ራዲያተሯ ግን ተበስቷል።

ባለማሳው ጋሼ ገበየሁ በበሬ ጎትተው አወጡን።
«ልጄ፣ ሞተሩን ለምን አጠፋሽው?»
«ነዳጅ ለመቆጠብ።»
«የኔ በሬዎች ነዳጅም አይጠጡ፣ ቁም ሲባሉም ይቆማሉ» አሉኝ።

አሁን ላመጣት በሚኒባስ ሄጃለሁ።
የጨፈለቅሁትን ድንች «ውሰጂው» ብለው ሰጥተውኝ ወጥ ሠርቼልሻለሁ።
መጀመሪያ ብዪ፣ ከዚያ ተቆጪ።

እመቤት