እሑድ ጃን ሜዳ እንዳትመጣ

ለእህቴ ልጅ ለሰይፈዲን፣ አሰብ።

አሰላሙ ዓለይኩም ሰይፉ። ጤናህ እንዴት ነው? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል፣ ገና አልቀለጥህም? ባለቤትህ ራህማ ደህና ናት? ትንሿ ልጅህ ጥርስ አወጣች ወይስ እንደ አባቷ ዘግይታ ልታስጨንቀን ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። እናትህ ሰብሪያም ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው፤ ዕለት ዕለት ሱቄ ብቅ እያለች ስትሰድበኝ ትውልና ወገቧ ቀና ብሎ ትመለሳለች። ደብዳቤህም ደርሶናል። ግን ምነው የእኔ ልጅ፣ ጨው ከሚዛቅበት አገር ተቀምጠህ እንዲህ ያለ አልጫ ደብዳቤ ትጽፋለህ? ስለ ባሕሩ የለ፣ ስለ መርከቡ የለ፤ ግማሹ ሰላምታ፣ ግማሹ «ጮራ እንዴት ሆነ?» ነው። ፊደል ከጨርቅ መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ የለቀምሁት ልብስ ሰፊው አጎትህ ከአንተ ይልቅ ብዙ እንደሚጽፍ አሁን ታያለህ።

ጮራ እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ቁጭ ብለህ አንብበው፤ እኔ እንኳ ስጽፈው እየተነሣሁ እየተቀመጥሁ ነው። ካለፈው እሑድ ወዲህ አንድ ቦታ መርጋት አቅቶኛል።

አንተ ከሄድህ በኋላ ክለባችን ኮልፌ ጮራ የድሮው ኮልፌ ጮራ አይደለም። ጥሩ እግር ያለውን ሁሉ የፋብሪካ ክለቦቹ ሥራ እንሰጥሃለን እያሉ ወሰዱት። የቀሩልን ትንፋሽ የሌላቸው ሽማግሌዎችና ትንፋሽ ብቻ ያላቸው ጎረምሶች ናቸው። ቦሩ በረኛ ሆኖ ኳስ በአንድ እጁ ሲቀልብ፣ አንተ ትከሻዬ ላይ ተቀምጠህ ጸጉሬን ስትነጭ፣ ያ ዘመን ትዝ ይልሃል? መላጣዬ ያኔ የጀመረ ነው፤ ካሣዬን አልረሳሁም። አሁን ቦሩ አሰልጣኝ ሆኖ ከዳር ይጮሃል እንጂ የሚሰማው የለም። ዓመቱን ሙሉ ያሸነፍነው አንድ ጊዜ ነው፤ እሱንም እኔ ቡታጅራ ለቅሶ ሄጄ አላየሁትም።

ችግሬ ከዚህች ለቅሶ መጣ። የኮልፌን ነጋዴ ታውቀዋለህ፤ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት መጀመሪያ የገባው ሰው ገድ ያለው ከሆነ ቀኑን ሙሉ ይስቃል፣ ገደ ቢስ ከሆነ ደግሞ ደጃፉን ውኃ ይረጫል። የጮራ ቲፎዞ ሁሉ ነጋዴ ነው። አቶ ይገዙ ሻይ ቤት ተሰብስበው ሲመክሩ ከርመው፣ ጀይሉ በመጣበት ሁሉ ተሸነፍን፣ ጀይሉ በቀረበት አሸነፍን ብለው ጨረሱ። ማሊያቸውን በነጻ የምሰፋላቸው እኔ፣ ዝናብ ሲመጣ ሁሉም ዛፍ ሥር ሲሮጥ ሜዳው ዳር ብቻዬን የምቀረው እኔ፣ ገደ ቢስ ተባልሁልህ።

ይህን ሁሉ እኔ የማውቀው ነገር አልነበረም። የመጨረሻው ጨዋታ እሑድ ጃን ሜዳ ላይ ነበር። ከተሸነፍን ወደ ሦስተኛ ዲቪዚዮን መውረዳችን ነው። የክለቡ ሰብሳቢ ሐጂ ሀያቱ ደግሞ፣ «ሦስተኛ ከወረዳችሁ እኔ የለሁበትም፤ ጮራ ፈረሰ በሉት» ብለው ምለዋል። ሐጂ ሲምሉ ታውቃቸዋለህ።

ዓርብ በማለዳ ሱቄን ሳልከፍት የቤቴ በር ተንኳኳ። ብከፍት ሐጂ ሀያቱ፣ ባለ ሻይ ቤቱ አቶ ይገዙና ቦሩ ነጫጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ግቡ አልኋቸው፣ ገቡ። ቁጭ በሉ ብላቸው ግን እምቢ አሉ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ለጉዳይ ነው የመጣን፤ እሺ ሳንባል አንቀመጥም» አሉ።

አንተ ብትሆን ምን ትል ነበር? ሦስት ሽማግሌ፣ ነጭ ጋቢ፣ በማለዳ፣ አንቀመጥም! የሐጂ ትልቁ ልጅ ካለፈው ወር ጀምሮ ሱሪ አሳጥርልኝ እያለ ይመላለሳል፤ ያ ሱሪ ይኼኔ ቁምጣ ሆኗል። እኔ ስለካ የእሱ ዓይን መጋረጃው ላይ ነው፣ ከመጋረጃው ጀርባ አልፊያ አለች። ስለዚህ ልጄን ሊጠይቁ መጡ ብዬ ደመደምሁ። እሷን አስቀድሜ ማታ ስናወራ ጠይቄያት፣ «እሱ ከሆነ ግድ የለም» ብላኛለች። ታዲያ እኔም ደግ አባት ልሁን ብዬ፣ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ «ሐጂ፣ ከእናንተ የምሸሽገው ምን አለኝ! የጠየቃችሁኝን ሰጥቻችኋለሁ፤ በአላህ ስም ቃሌ ነው፤ ቁጭ በሉ» አልኋቸው።

ተቀመጡ። አቶ ይገዙ እጄን ሳሙኝ። እኔ ጥሎሹን ማሰብ ጀምሬያለሁ። ሐጂ ጺማቸውን እየዳበሱ፣ «እንግዲያው ጀይሉ፣ እሑድ ጃን ሜዳ እንዳትመጣ» አይሉኝ መሰለህ!

ሚስቴ ዙቤዳ ጓዳ ውስጥ ሳቋን ለማፈን ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። አልፊያ ግን ጨርሶ አልሳቀችም፤ ዓርብን ሙሉ ከእኔም ከሱሪውም ጋር ተኳርፋ ዋለች። እኔ ምን ልበል? ለሽማግሌ ቃል ሰጥቶ ማጠፍ ነውር ነው፣ ያውም ሳይጠየቅ የተሰጠ ቃል። ቦሩ ሲወጣ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ «አይዞህ፣ ጮራን የምታድነው አንተ ነህ» አለኝ። ጥርሱን ባወልቅለት ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ገና ድሮ አንዱ አጥቂ አውልቆለታል።

እሑድ ከሰዓት ኮልፌ ወንድ የሚባል አልቀረባትም፣ ሁሉም በካሚዮን ተጭኖ ሄደ። እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥሁ። የአንድ ደንበኛዬን ኮት ሰፋሁና ሳየው ኪሶቹን አፋቸውን ደፍኜ ሰፍቻቸዋለሁ። ፈታሁት። ተነሣሁ። ዙቤዳ፣ «ወዴት ነው?» አለች። ክር ልገዛ አልኋት። «ጫማህ ግን የክር ጫማ አይመስልም» አለችኝ። ወደ ቀራንዮ አቅጣጫ ብዙ ሄድሁና ተመለስሁ። ፌርማታው ጋ ስደርስ አውቶቡስ ቆሞ አገኘሁ፤ እግሬ ራሱ ወጣ። መሳለሚያ ስደርስ ቃሌ ትዝ አለኝና ወረድሁ። አሁን ኮርነር ተመቷል፣ አሁን አርቢትሮው በድሎናል፣ አሁን ያ ሰነፍ በረኛችን ወጥቶ ቀርቷል እያልሁ፣ ብቻዬን እጄን እያወናጨፍሁ በእግሬ ወደ ኮልፌ ተመለስሁ። አንዲት አሮጊት ሰይጣን የያዘኝ መስሏቸው መንገድ ለቀቁልኝ። ዝናቡም ያዘኝ። የማላየው ጨዋታ ከማየው ይልቅ ያደክማል ሰይፉ፤ ዓይንህ ሥራ ሲፈታ ሆድህ ይጫወታል።

ወደ ማታ ካሚዮኑ ከታች ብቅ አለ። ድምፅ ከመስማቴ በፊት ሰዎቹን አየሁ። ስንሸነፍ ካሚዮኑ ላይ ቁጭ ብለን እንደምንመጣ ታውቃለህ። ቆመው ነበር! ሁሉም ቆመው ነበር! አንድ ለዜሮ! ሐጂ እንኳ በዚያ ዕድሜያቸው ቆመው ጥምጣማቸውን ያውለበልባሉ። እኔ መንገድ መሀል ጭቃው ላይ ቁጭ አልሁ።

ቦሩ ዘሎ ወረደና፣ «ጀይሉ፣ ያሸነፍኸው አንተ ነህ!» ብሎ አቀፈኝ። ትከሻቸው ላይ አወጡኝ። በሕይወቴ ሰው ትከሻ ላይ የወጣሁት ስለቀረሁ ብቻ ሆነ። ግቧን ያልተረከልኝ የለም። አንዱ በራሱ ገጫት ይላል፣ አንዱ በግራ እግሩ ነው ይላል፣ አቶ ይገዙ መድኃኔዓለም ገፋት ይላሉ፣ ሐጂ ደግሞ በረኛቸው ተኝቶ ነው ይላሉ። ጮራ ተረፈ፤ እኔ ግን ግቧን አላየኋት። ደስታዬ ውስጥ አንድ ነገር ይቆረቁረኛል፣ ሲስቁ እስቃለሁ፣ ወዲያው ደግሞ ተነሥቼ መሄድ ያምረኛል።

ሰኞ ሻይ ቤት ተቀምጠን አቶ ይገዙ፣ «ጀይሉ፣ የከርሞውንም ቃል አሁኑኑ ስጠን» አሉኝ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔ ግን አቶ ይገዙ እንዳልሳቁ ከዓይናቸው አየሁ። የምር ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ኪስ እየደፈንሁ፣ መሳለሚያ እየወረድሁ! ያን ጊዜ ተንኮሌ መጣልኝ። «እኔ የተቀመጥሁበት ወገን የሚሸነፍ ከሆነ፣ ከርሞ ከተጋጣሚው ቲፎዞ መሀል ልቀመጥላችሁ» አልኋቸው። ለቀልድ ነበር ያልሁት። ሐጂ ጺማቸውን ዳበሱ፤ ከዚያ፣ «ይህስ ያስኬዳል» አሉ። ቦሩ ደግሞ፣ «ግን ጮራ ሲያገባ ብድግ ካልህ ተበላሸ። ትንፍሽ ካልህ ገደ ቢስነትህ ወደ እኛ ይዞራል» አለኝ። እሺ አልሁ። ላየው እስከተፈቀደልኝ ድረስ ምንም እሺ ነው።

እንግዲህ ከትናንት ጀምሮ እየተለማመድሁ ነው። እኔ ስሰፋ አልፊያ ሳላስበው ከጓዳ «ገባ!» ብላ ትጮሃለች፤ ኩርፊያዋን በዚህ ረስታዋለች። እኔ ዝም ብዬ መስፋት አለብኝ። አንድ ኮት፣ ሁለት እጅጌና የዙቤዳን ብርጭቆ አበላሽቻለሁ፤ እስካሁን አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳካልኝም።

ራህማን ሰላም በልልኝ፤ ይህን ጮክ ብለህ አንብብላት፣ ምን ዓይነት ቤተ ሰብ ውስጥ እንደገባች ትወቅ። ትንሿን ግንባሯን ሳምልኝ። አብረውህ ለሚሠሩት የኮልፌ ልጆች ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። እናትህ ሰብሪያ ጤናህን ጠብቅ፣ ፀሐይ ላይ አትቁም ብላለች። ዙቤዳ ናፍቀኸኛል ትልሃለች። አልፊያም ሰላም ብላሃለች፤ የሱሪው ልጅ ደግሞ ትናንት አዲስ ሱሪ ይዞ መጥቷል፣ ረጅም ነው። ሐጂ፣ አቶ ይገዙና ቦሩ ሰላም ብለውሃል።

አጎትህ ጀይሉ
ኮልፌ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት ፳፭ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.