ጎማ አይደለም የምትነፋው

ይድረስ ሳንጃ ላለችው እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ጊደሯስ ወለደች? እኔ ምንም አልሆንኩም። ደብዳቤውን የምታነብልሽን አትክልትን ንገሪያት፤ ይህ የእኔ የራሴ ጽሑፍ ነው። እስከ ዛሬ በእኔ ስም ይጽፍልሽ የነበረው ወንድሜ ውቤ ነው። የማታ ትምህርት ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ፤ አስተማሪው እንዳንተ ያለ ተማሪ አይቼ አላውቅም ብሎኛል። በምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።

አሁን ቁጭ ብለሽ ስሚኝ፤ እስከ መጨረሻው ሳይነበብልሽም እንዳታለቅሺ። ውቤ ሆስፒታል ነው። የዛሬ አምስት ቀን አመሻሽ ላይ፣ መተማ የምንሠራበት እርሻ ውስጥ፣ የሰሊጥ ነዶ ሲያነሳ እባብ ነደፈው። መርዙ ጡንቻውን አሰረውና መተንፈስ አቃተው። በጉሮሮው ቱቦ አስገብተውለት ማሽን ነው የሚተነፍስለት።

ትናንት መብራት ጠፋና ማሽኑ ቆመ። ነርሷ ሳጂዳ ኳስ የመሰለ ላስቲክ ቱቦው ላይ ገጥማ በእጇ መጭመቅ ጀመረች። ሌላ በሽተኛ ሲያጣድፋት ለእኔ ሰጠችኝ። ታውቂኛለሽ፤ የትራክተር ጎማ በእግር ፓምፕ ብቻዬን የምነፋ ሰው ነኝ! አየር ከበዛለት ቶሎ ይድናል ብዬ ጨመቅሁት፣ ጨመቅሁት፤ ላብ አጠመቀኝ።

ሳጂዳ ስትመለስ ጮኸችብኝ። “አንተ! ጎማ አይደለም የምትነፋው፤ ወንድምህ ነው!” ከቱቦው ጋር የተያያዘች በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ሳጥን አለች፤ እሷ ላይ ያለው ቁጥር ሃያ ሁለት ነበር፤ ያነበብኩት እኔው ነኝ። ከሠላሳ አምስት መውረድ የለበትም አለችኝ። ለካ ቁጥሩ ከሳንባው የሚወጣውን የተቃጠለ አየር ነው የሚለካው።

“ታዲያ የተቃጠለ አየር ምን ያደርግለታል? ትራክተር እንኳ ጭሱን ይተፋል” አልኳት።

“ሰው ትራክተር አይደለም። ጭሱን አሟጠህ ካወጣህበት የአንጎሉ ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ደም አይደርሰውም። ከበዛበት ደግሞ ይሰፉና ጭንቅላቱን ደም ያጨናንቀዋል” አለች።

የኩላሊቱስ ደም ሥር? የጉበቱስ? ብዬ አስጨነቅኋት። ሁሉም የየራሱ ጠባይ አለው፤ አንተ ብቻ አንዴ ጭመቅና እስከ አምስት ቁጠር አለችኝ። ቆጠርኩ። ሠላሳ ገባ፣ ሠላሳ ስድስት፣ አርባ። እኔኮ የገዛ ጭሳችን ለደማችን በር ከፋች መሆኑን ማን ነግሮኝ! ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ አንድም አልሳትኩም።

ዛሬ ጠዋት ዶክተሩ መርዙ ለቆት እንደሆነ ልየው ብሎ የማሽኑን ፍጥነት ቀነሰው። የተቃጠለው አየር ትንሽ ሲጠራቀም አንጎሉ ራሱ ተንፍስ ብሎ ያዛል አለኝ። ካላዘዘስ ብዬ ልጠይቀው ነበር፤ ትቼ ቁጥሩን ማንበብ ያዝኩ። አርባ አራት። አርባ ዘጠኝ። ሃምሳ ሁለት። የማሽኑ ተራ ሳይደርስ ደረቱ ብድግ አለ። ሳጂዳን ጠራኋት። እንደገና ብድግ አለ።

ገና ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል ብለዋል። እጄን ግን ጨብጦኛል።

ያን ቀን ነዶ የማንሳት ተራው የማን እንደነበር ሲሻለው ጠይቂው። አይነግርሽም፤ ልጅሽን ታውቂዋለሽ። እኔ በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ ስሜን እየጻፍኩ ነበር። ሂድ እንጂ፣ ትምህርቱ አይለፍህ ያለኝ እሱ ነው።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ሁለታችንንም በአንድ ደጃፍ ቆመን ያሳይሽ።

በገዛ እጁ የጻፈልሽ፣
ታናሹ ልጅሽ